ጥቁሩ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ቀጭኑ መስመር ደግሞ ይደፈናል፤ ምን እያጠፋን ነው?

ሰሌዳ_ቤት፦

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የአንዲት ትንሽ የማኅበረሰብ ስቱዲዮ የኅትመት ክፍል አስተባባሪዋ ነኝ። ስድስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛና አንድ ሮሎ እንጋራለን። ፕሬስ (የማተሚያ መጫኛ) የለንም፣ እንጨት ቀርጸን በእጅ ነው የምናትመው። የያዝነው ሥራ ይህ ነው፦

ሰሌዳው 4 ሚሊ ኮምፔርሳቶ፣ 40 በ60 ሳንቲም፣ ሁለት ቀለም (ቢጫው ቀድሞ፣ ጥቁሩ ከላይ)። ቀለሙ ከማተሚያ ቤት በአንድ ኪሎ ቆርቆሮ የተገዛ የኦፍሴት ቀለም ነው፤ ጽሑፉ ስለተላጠ ምን ዓይነት እንደሆነ አይነበብም። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 250 ግራም። ሮሎው 6 ሳንቲም ስፋት ያለው የጎማ ሮሎ። ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ አስተኝተን የምናሸው በሾርባ ማንኪያ ጀርባ።

ችግሩ፦ ሰፊው ጥቁር ቦታ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ቀጭን መስመሮች ከአምስተኛው ቅጂ በኋላ ይደፈናሉ። ቢጫውና ጥቁሩ በ2 ወይም በ3 ሚሊ ይሳሳታሉ። ከሁሉም የባሰው ደግሞ፣ ከታተመ ስምንት ቀን ያለፈው እንኳ ጣት ሲነካው ይለቃል። እስከ ጳጉሜን 25 ቅጂ ማስረከብ አለብን። ክፍሉ ውስጥ ከሰል አንድደን ብናደርቀውስ?

ጥቁር_በነጭ፦

ጨው ጨው ማለቱና መደፈኑ ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው፤ ግፊት አንሷል። ግፊት ሲያንስ ጥቁሩ ሳስቶ ይወጣል፣ ሰው ደግሞ ቀለም ያነሰ መስሎት ይጨምራል። የተጨመረው ቀለም ወረቀቱ ላይ አይወጣም፣ በመሮ የተቆረጠው ቦይ ውስጥ ይገባል። ከአምስተኛው ቅጂ ጀምሮ የሚደፍንባችሁ እሱ ነው።

ለማረጋገጥ ሰሌዳውን እንደወትሮው ቀለም ቀቡና በ250 ግራሙ ፈንታ ተራ 80 ግራም የፎቶ ኮፒ ወረቀት አድርጋችሁ እሹት። ጥቁሩ ሙሉ ሆኖ ከወጣ ቀለሙ ላይ ጥፋት የለም። ማንኪያ በአንድ ጊዜ የሚጫነው የጥፍር ያህል ቦታ ነው፤ ወፍራም ደረቅ ወረቀት ያንን ጫና ራሱ ውጦ ያስቀረዋል። በእጅ እስካተማችሁ ድረስ ከ60 እስከ 90 ግራም የሆነ፣ ለስላሳ፣ የማያብለጨልጭ ወረቀት ይሻላችኋል።

ማንኪያውንም ቀይሩት። ብረት ወረቀቱን ያብለጨልጨዋል፣ ሲሞቅም ይልጠዋል። ጀርባው የለሰለሰ የእንጨት ማንኪያ ያዙና በወረቀቱና በማንኪያው መካከል የመጋገሪያ ወረቀት አድርጉ። ከመሃል ጀምራችሁ ትናንሽ ክብ እየሠራችሁ ወደ ጠርዝ ውጡ። ከዚያ ሦስቱን ማዕዘን አንድ ሰው ይዞ አራተኛውን ቀስ አድርጋችሁ ገልጣችሁ እዩ፤ የሳሳ ቦታ ካለ መልሳችሁ አስተኝታችሁ እዚያው ላይ ድገሙት። ወረቀቱን ሙሉ በሙሉ ካነሳችሁት ግን አለቀ፣ እዚያው ቦታ አይመለስም። 40 በ60 ሰሌዳ በሦስት ደቂቃ ታሽቶ አለቀ የሚል ሰው ካለ ግማሹን ዘሎታል።

አሁን ሮሎው። ዲያሜትሩ 3 ሳንቲም ቢሆን አንድ ዙሩ 9.4 ሳንቲም ነው። በመጀመሪያው ዙር የያዘውን ቀለም ከፍሎ ይሰጣል፣ ከዚያ በቀረው ይሄዳል፣ ከዚያም በቀረው ቀሪ። 60 ሳንቲም ለመጨረስ ከስድስት ዙር በላይ ያስፈልገዋል። ሰሌዳው ላይ ሽንትርትር የሚታየው ለዚህ ነው። ለዚህ መጠን ቢያንስ 15 ሳንቲም ስፋት፣ ዲያሜትሩም ከ5 ሳንቲም የማያንስ ሮሎ ፈልጉ። እስኪገኝ ድረስ ሰሌዳውን በሐሳብ ስምንት ቦታ ከፍላችሁ ለእያንዳንዱ ሮሎውን እንደገና ሙሉት፤ በመጨረሻ አንዴ በቁመት አንዴ በአግድም አሳልፉት።

ቀለሙን በሮሎ የምትዘረጉበት መስታወት ላይ የሚወጣው ለመጀመሪያው ቅጂ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። በስፓቱላ 3 ደቂቃ ያህል እሹት። የሐምሌ ጠዋት ቀለም በብርዱ ደንድኖ ነው የሚነሳው፣ ዘይት የጎደለው ይመስላል፤ ሳይታሽ የተልባ ዘይት የሚጨምርበት ሰው ከሰዓት በኋላ ቀለሙ ፈሶበት መስመሩን ይደፍናል። ሮሎው ሲንከባለል ድምፁን ስሙ፦ ዝቅ ያለ «ሽሽሽ» ጥሩ ነው፤ እርጥብ ጭቃ የሚረግጥ እግር ዓይነት ድምፅ ካሰማ በዝቷል። በዓይንም ይታወቃል። የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ወለል በዝቷል ማለት ነው፤ መሆን ያለበት እንደ ሐር ነው። አንድ ወፍራም ከመቀባት አምስት ስድስት ጊዜ ስስ ስስ አድርጎ መቀባት ይሻላል።

ቀለሙ በስፓቱላ ሲነሳ እንደ ማር ክር እየሠራ የሚወርድ ከሆነ ማግኒዥየም ካርቦኔት ጨምሩበት። ስፖርተኞች እጃቸውን የሚያደርቁበት ነጭ ዱቄት እሱ ነው፤ ስትገዙ ግን ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት መሆኑን አረጋግጡ። ቆንጠር እያደረጋችሁ እሹ፤ ክሩ አጥሮ ቁርጥ ሲል አቁሙ።

ኮምፔርሳቶው ጥሬውን ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቅጂዎች ቀለም ይጠጣል። ከመቅረጻችሁ በፊት አንድ ጊዜ ጎማላካ (የአናጢዎች ቫርኒሽ) ቀብታችሁ ሲደርቅ በ320 ብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጉት። የላይኛው ቅጠልም ሲቀረጽ ቶሎ አይቦጨቅም።

ተልባ፦

ስለ ግፊቱ የተባለው ልክ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ስምንት ቀን የሚለው ነው።

የኦፍሴት ቀለም ሁሉ አንድ አይደለም። በነጠላ ሉህ ማሽን የሚታተምበት ቀለም ውስጡ የሚደርቅ ዘይትና ማድረቂያ አለው፤ አየር ሲያገኝ ይጠነክራል። የጋዜጣ ቀለም ግን ሊደርቅ የተሠራ አይደለም፣ የጋዜጣ ወረቀት ውስጥ ሰርጎ ነው የሚቀመጠው። ጋዜጣ ያነበበ ሰው ጣቱ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። በምድጃ ሙቀት የሚደርቅ ሌላ ዓይነት አለ፣ በልዩ መብራት ብቻ የሚጠነክርም አለ። ሦስቱም ለእናንተ አይሆኑም።

መለያው ቀላል ነው። ከቆርቆሮው ትንሽ በጣት ወስዳችሁ ንጹሕ መስታወት ላይ እንደ ጥላ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። መስታወት ስለማይመጥ፣ ከደረቀ የደረቀው በአየር ነው። በሦስተኛ በአራተኛ ቀን ጨርሶ ካልያዘ፣ በተቀባበት ቀን እንደነበረው ከለቀቀ፣ ከሦስቱ አንዱን፣ ምናልባትም የጋዜጣ ቀለም ይዛችኋል። ሌላም ምልክት አለ፦ ተከፍቶ የሰነበተው ቆርቆሮ ላይ ቆዳ ሠርቷል? ከሠራ ጥሩ ዜና ነው። ባይሠራ ግን አትፍረዱ፤ ቆዳ እንዳይሠሩ ተደርገው የሚዘጋጁ የሉህ ቀለሞችም አሉ።

ቀለሙ ደኅና ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የአየርና የውፍረት ነው። የዘይት ቀለም እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፣ ኦክስጅን ወስዶ ነው የሚጠነክረው። ወፍራም ሆኖ ከታተመ ላዩ ቆዳ ይሠራና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። እርጥበትና ብርድም ያዘገየዋል። ቅጂዎቹን አትደራርቧቸው፤ ገመድ ወጥራችሁ በልብስ መቆንጠጫ ስቀሏቸው፣ በመካከላቸው ቢያንስ 5 ሳንቲም ይኑር። ማራገቢያ ካለ ወደ ግድግዳው አዙሩት፣ የክፍሉ አየር እንዲንቀሳቀስ እንጂ ወረቀቱ እንዲውለበለብ አይደለም። የኮባልት ማድረቂያ ካገኛችሁ ለ100 ግራም ቀለም ከ1 እስከ 2 ግራም፣ በጓንት፣ በኩሽና ሚዛን ሳይሆን ግራም በምትለካው ትንሿ ሚዛን የተለካ። ለዕለቱ የምትጠቀሙበትን ብቻ ቀላቅሉ። ከዚያ በላይ ካደረጋችሁት ሮሎው ላይ መያዝ ይጀምራል።

ከሰሉን ተዉት። በተዘጋ ክፍል ከሰል ሰው ይገድላል፤ ቀለሙም የሚፈልገው ሙቀት ብቻ ሳይሆን ንጹሕ አየር ነው፣ ከሰሉ ደግሞ እሱኑ ይጨርሰዋል።

አንድ ያልተጠየቅሁትን ልጨምር። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ላይ ከተጣለ ራሱ በራሱ ሊግል፣ እሳትም ሊፈጥር ይችላል። ክብሪት አያስፈልገውም። ክዳን ያለው የብረት ባልዲ ውስጥ ውኃ አድርጋችሁ እዚያ ጣሉት፣ ወይም ውጭ ዘርግታችሁ እስኪደርቅ አቆዩት። ስድስት ሰው በሚጋራው ስቱዲዮ ይህ ሥራ የማን እንደሆነ በስም ካልተጻፈ ማንም አይሠራውም። ሮሎና መስታወት ለማጽዳትም በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) አትጀምሩ፦ ትርፉን በስፓቱላ ጠርጉ፣ የምግብ ዘይት አፍስሳችሁ አሹ፣ ጥረጉ፣ በመጨረሻ በፈሳሽ ሳሙና። ቆዳችሁም ሳንባችሁም ያመሰግናችኋል።

መሮ_ሳይ፦

ወፍራም ወረቀት በእጅ አይታተምም በሚለው ላይ ትንሽ ልከራከር። ደረቁ አይታተምም፣ እሺ። ከረጠበ ግን ይለሰልሳል፣ የሚፈልገው ግፊትም ይቀንሳል። አንዱን ሉህ በስፖንጅ አርጥቦ አንዱን ደረቅ እያደረጉ መደርደር፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ከላይ ክብደት ጭኖ ማሳደር ነው። ጠዋት ሲነካ ቀዝቀዝ ይላል እንጂ ውኃ አያብለጨልጭም። አንድ አንድ እያወጡ ያትሙበታል፤ በበጋ አዲስ አበባ ላይ ከላስቲክ የወጣ ሉህ ጠርዙ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ላስቲክ ውስጥ ከሁለት ቀን በላይ ካደረ ሊሻግት ይችላል።

ለዚህ ሥራ ግን እኔም አልመክረውም። ወረቀት ሲረጥብ ይሰፋል፣ በአንዱ አቅጣጫ ከሌላው ይበልጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ቢጫውን በእርጥብ አትማችሁ ጥቁሩን በደረቅ ብትደግሙ 60 ሳንቲም ላይ 2 ሚሊ መሳሳት በቀላሉ ይመጣል። እስካሁን አርጥባችሁ ከነበረ የስሕተቱ ግማሽ እዚያ ነው። ሁለት ቀለም ካለ በደረቅ፣ በስስ ወረቀት።

ሌላው ግማሽ የመቀመጫው ጉዳይ ነው። ከሰሌዳው የሚበልጥ ቺፑድ ውሰዱ፣ 60 በ80 ይሁን። በግራ ታች ማዕዘኑ ከዚያው ከ4 ሚሊ ኮምፔርሳቶ የተቆረጡ ሁለት ዘንጎች ኤል ቅርጽ ሠርታችሁ በኮላ ለጥፉ። ሰሌዳው ሁልጊዜ እዚያ ማዕዘን ውስጥ ተገፍቶ ይቀመጣል። ዘንጎቹ ከሰሌዳው እኩል ውፍረት ካልሆኑ ወረቀቱ ጠርዙ ላይ ይታጠፋል። በዘንጎቹ ላይ ከወፍራም ካርቶን ሦስት ማቆሚያ ለጥፉ፦ ሁለቱ በረጅሙ ጎን፣ አንዱ በአጭሩ። ወረቀቱ ሦስቱን ነክቶ ከዚያ ይተኛል። ሁልጊዜ ያው የወረቀቱ ጎን፣ ሁልጊዜ ያው ቅደም ተከተል፤ የሉሁ ማዕዘን በትክክል 90 ዲግሪ ስለማይሆን ጎን ከቀያየራችሁ ይሳሳታል። እንዳይምታታ ማዕዘኑ ላይ በጀርባው በእርሳስ ምልክት አድርጉ።

ሁለተኛውን ሰሌዳ በካርቦን ወረቀት ገልብጣችሁ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያድንም። ጥቁሩን ሰሌዳ ቀድማችሁ ቅረጹ። መቀመጫው ውስጥ አድርጋችሁ ቀለም ቀብታችሁ በወፍራም አሴቴት (ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ሉህ) ላይ አትሙት፣ አሴቴቱም እነዚያኑ ሦስት ማቆሚያዎች ይንካ። ሰሌዳውን አውጡና ባዶውን የቢጫ ሰሌዳ በቦታው አስገቡ፤ አሴቴቱን ያው ማቆሚያ ላይ መልሳችሁ አስተኝታችሁ እሹ። ሥዕሉ ባለበት ቦታ ቢጫው ሰሌዳ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ቢጫውን ከጥቁሩ መስመር ሥር አንድ ሚሊ ያህል ገባ አድርጋችሁ ቅረጹት፤ ትንሽ ቢንሸራተት ነጭ ክፍተት አይታይም።

25 ለማስረከብ ቢጫውን 25 ብቻ አታትሙ። 33 ያህል አትሙ፤ ሁለተኛው ቀለም ላይ የሚበላሽ አይጠፋም። ከተረፈው ሁለት ወይም ሦስቱን የአርቲስት ቅጂ ብላችሁ ለዩ፣ የቀረውን የተሳሳተ ቅደዱት። ቁጥሩ በእርሳስ ከሥዕሉ በታች በግራ 1/25 እያለ ይሄዳል፣ ፊርማው በቀኝ።

ኮምፔርሳቶ የግድ ነው ያለም የለም። አናጢ ቤት የሚወድቅ የዝግባ ቁራጭ ካገኛችሁ ለትናንሽ ሥራ ሞክሩት፤ ጭረቱ ቀጥ ያለና ደቃቅ ነው፣ ቀጭን መስመር ይይዛል። ብራዚል የኖረው ጀርመናዊ ሀንሰን ባሂያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የእንጨት ኅትመት አስተምሯል፤ ሙያው ለከተማው እንግዳ አይደለም።

ሰሌዳ_ቤት፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ሁለት ነገር አየን። በ80 ግራም ወረቀት ጥቁሩ ሙሉ ሆኖ ወጣ። መስታወት ላይ የተቀባው ግን ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው፣ ልክ እንደተቀባበት ቀን ይለቃል፤ ቆርቆሮውም ቆዳ የለውም። ካርቦን ወረቀትም ተጠቅመን ነበር። እስካሁን የታተሙት 14 ቅጂዎች ይድናሉ? ቀለሙንስ እንጣለው?

ተልባ፦

የጋዜጣ ቀለም ይመስላል። አሁን ማድረቂያ ብትጨምሩበትም የሚይዘው የሚደርቅ ዘይት ስለሌለው ለውጥ አያመጣም።

አሥራ አራቱን አታስረክቡ። ገዥ እጅ ላይ ከሦስት ወር በኋላም ይለቃሉ። ለግድግዳችሁ ከፈለጋችሁ ሥዕሉ መስታወቱን እንዳይነካ ዙሪያውን ወፍራም የካርቶን ፍሬም አድርጋችሁ አስገቧቸው። ሲቀመጡ በየመካከላቸው የመጋገሪያ ወረቀት ይግባ፣ ላያቸው ላይ ክብደት አይጫን።

ቀለሙን አትጣሉት፣ ለሙከራ ቅጂ የሚመች ነው፤ ቀኑን ሙሉ መስታወት ላይ ቢውል አይደርቅም። ቆርቆሮው ላይ ግን በትልቁ «ለሙከራ ብቻ» ብላችሁ ጻፉበት፣ አለበለዚያ በሚቀጥለው ወር ከስድስታችሁ አንዱ ያትምበታል። ሰሌዳው ላይ የቀረውንም በዘይትና በጨርቅ ከቦዮቹ ሳይቀር አውጡት፣ ካስፈለገ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፤ ከአዲሱ ቀለም ጋር ከተቀላቀለ እሱንም እንዳይደርቅ ያደርገዋል።

አዲሱን ስትገዙ «ለሉህ ማሽን የሚሆን» በሉ፣ ከመክፈላችሁም በፊት ትንሽ መስታወት ላይ አስቀቡና ይዛችሁ ሂዱ። ሦስት ቀን ጠብቃችሁ ከያዘ ያኔ ግዙ። ጳጉሜን ገና ነው፣ ሦስት ቀን አላችሁ።