የቲጓን ኤሌክትሪክ እጅ ፍሬን፦ የቀኝ ኋላ ጎማ አልይዝ አለ

ከፍራንኮ፣ አዳማ
ሰላም ወገኖች። መኪናዋ የ2012 ቮልስዋገን ቲጓን ናት። የእጅ ፍሬኑን ቁልፍ ስጫን የግራው ኋላ ጎማ ዝዝዝ ይላል፣ የቀኙ ግን ጭጭ። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በርቶ ቀርቷል። ፊውዞቹን አይቻለሁ፣ ደህና ናቸው። ጋራዥ ሳሳያት «ካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን የሚጨብጠው ክፍል) ከነሞተሩ ይቀየር» ተባልኩ። ቴስተር፣ ክሪክና መፍቻዎች አሉኝ። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

ሽቦ ፈታሽ
ወንድሜ፣ ካሊፐር ለመግዛት አትቸኩል። ትንሿ ሞተር ከካሊፐሩ ጀርባ በሁለት ብሎን ታስራ ለብቻዋ የምትወጣ ናት፤ ስትፈታም የፍሬን ዘይት አይፈስም። ካሊፐር የሚቀየረው ፒስተኑ ሲነክስ ወይም የሚገፋው ዘንግ ሲበላ ነው።

ሜዳ ላይ አቁማት፣ ማርሹን ፒ ላይ አድርግ፣ የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርግ። ክሪኩን ብቻ አምነህ ሥር እንዳትገባ፣ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ይግባ። የመኪናዋን መክፈቻ ቁልፍ አውጥተህ ኪስህ ክተት፤ ጣትህ ካሊፐሩ ውስጥ እያለ ሰው የእጅ ፍሬኑን ቁልፍ ቢጫን አደጋ ነው።

አሁን የሞተሯን ሶኬት ንቀል። ፒኖቹ አረንጓዴ ዝገት ከያዙ በኮንታክት ክሊነር አጽዳቸው። ንጹሕ ከሆኑ ወደ ሽቦው እለፍ። እዚህ ላይ ቴስተር ያታልላል፦ ከውስጡ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ እንኳ 12 ቮልት ያሳያል። ሞተሯ ግን ሸራውን ስትጨብጥ ከ10 አምፔር በላይ ትስባለች፣ ያ አንድ ክር አይችላትም። ስለዚህ ሽቦውን በሁለቱም ጫፍ ንቀለውና ከባትሪ በፊውዝ አድርገህ በሽቦው በኩል የ55 ዋት የፊት መብራት አምፖል አብራ። 4.6 አምፔር ያህል ይስባል። ሁለቱንም ሽቦ በየተራ ሞክር። አምፖሉ እንደበራ ሽቦው ከሻሲው ወደ ጎማው የሚሻገርበትን ቦታ በእጅህ እጠፍ፣ ዘርጋ። ብልጭ ድርግም ካለ ስብራቱ እዚያው ነው። ላስቲኩ ከላይ ደህና መስሎ መዳቡ ከውስጥ የተበጠሰ ብዙ ነው።

የሶማሌ ተራ ደንበኛ
ሽቦው ደህና ከሆነ ሞተሯን አውጥተህ ሞክር። ነገር ግን ፍሬኑ እንደያዘ ቀርቶ ከሆነ፣ ሁለቱን ብሎን ፈትተህ ሞተሯን ስታነሳ ከሥሯ ኮከብ ቅርጽ ያለው የዘንግ ጫፍ ታያለህ። በኮከብ ቡሶላ በእጅህ አዙረው፤ እየቀለለ የሚሄድበት አቅጣጫ መልቀቂያው ነው፣ እየከበደ ከሄደ ተመለስ።

የወጣችውን ሞተር በ20 አምፔር ፊውዝ በኩል ከባትሪ ጋር ለአንድ ሰከንድ ብቻ አገናኛት፣ ከዚያ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ለዋውጥ። በሁለቱም በኩል እኩል ድምፅ ካሰማች ጤነኛ ናት። ድምፅ እያሰማች መውጫዋ ካልዞረ የውስጡ ጥርስ አልቋል። ክፍት ስትሆን ውኃ ከወጣባት ጥፋቱ የኦሪንጉ (ውኃ የሚከላከለው የላስቲክ ቀለበት) ነው፤ አሮጌውን ኦሪንግ መልሰህ አታስገባ። ያገለገለ ሞተር ስትገዛም ሻጩ ፊት በባትሪ ሳታስሞክር አትክፈል።

ማሽን
አንድ ነገር ልጨምር። ሸራ የምትቀይር ከሆነ ፒስተኑን በሞርሳ ከመግፋትህ በፊት ዘንጉ ወደ ኋላ መመለስ አለበት፣ አለዚያ ትሰብረዋለህ። በቪሲዲኤስ (የቮልስዋገን መመርመሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም) 53 ቁጥር የእጅ ፍሬን ሞጁል ውስጥ ግባ፤ ቤዚክ ሴቲንግ 007 ፍሬኑን ይከፍታል፣ 006 ይዘጋል። ርካሽ የብሉቱዝ ማንበቢያዎች ብዙዎቹ ይህን አይሠሩም። ስትጨርስ መጀመሪያ የፍሬን ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግመህ ርገጥ፣ ከዚያ በ006 ዝጋና የብልሽት ኮዱን አጥፋ። ጎማው ከመሬት እንደተነሳ ፍሬኑን አስይዘህ በእጅ አዙረው፣ ንቅንቅ ማለት የለበትም፤ ስትለቀው ደግሞ በቀላሉ መዞር አለበት።

ከፍራንኮ፣ አዳማ
አመሰግናለሁ። አምፖሉ መታጠፊያው ላይ ድርግም አለ። በእስታኞ ልበይደው?

ሽቦ ፈታሽ
መታጠፊያው ላይ በእስታኞ አትበይድ፤ እስታኞ የጠጣ ሽቦ ይደርቅና ከጎኑ እንደገና ይበጠሳል። የሚተጣጠፈውን ክፍል በሙሉ ቆርጠህ አውጣና ውፍረቱ ያላነሰ፣ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ለስላሳ ሽቦ ተካ። መገጣጠሚያዎቹ መታጠፊያውን አልፈው ሻሲው ላይ በሚታሰርበት ቦታ ይሁኑ፣ በፒንሳ የሚጨመቅ ማያያዣ ተጠቀም፣ በእሳት የሚሸበሸብ ላስቲክም አልብሳቸው። ናስትሮ ብቻውን ክረምት ላይ ውኃ ያስገባል። ከማሰርህ በፊት ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ሽቦው እንዳልተወጠረ እይ፣ መሬት ሲነካም ከጎማው ጋር እንዳይፋተግ።