የፈረሰ የነጋዴ ሱቅና መኖሪያ ቤት ቅርስ ሊባል ይችላል? (ባቲ አካባቢ)

የመንገድ ዳር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው መኖሪያ የነበረ፣ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ቤት አለ። ጣሪያው ወድቋል፤ አንዱ ግድግዳ ሆዱን ነፍቷል፤ አናቱ ላይ ወርካ በቅሏል። "ድንጋዩ ለአጥር ይሁን" የሚሉ አሉ። ቅርስ የሚባለው ቤተ መንግሥትና ቤተ እምነት ብቻ ነው? ለማትረፍስ ከምን እንጀምር?

ታሪክ ወዳድ፦ በፍጹም። ደሴ ያለው የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ስለ ገዢው ይናገራል፤ ገበያው እንዴት ይኖር እንደነበር ግን የሚነግረን የነጋዴ ቤት ነው። የባቲ ሰኞ ገበያ የአፋርን ግመልና ጨው ከደጋው እህል የሚያገናኝ ነው፤ ቤቱ የዚያ ንግድ አካል ከነበረ ፍርስራሹም ይመሰክራል። የመንገዱንና የጓሮውን በር ስፋት ለኩ። የመደርደሪያ እንጨት የተሰካባቸውን ቀዳዳዎች ቁጠሩ። ከሱቁ ወደ መኝታው የሚያስገባው በር ላይ የመወርወሪያውን ቀዳዳ ፈልጉ፤ በየት በኩል ይቀረቀር እንደነበር ካወቃችሁ ቤተሰቡ ከገበያተኛው እንዴት ይለይ እንደነበር ታውቃላችሁ። በአካባቢው እንዲህ ያለ ቤት ሌላ ከሌለ ዋጋው ይበልጥ ይከብዳል።

ግንበኛው፦ እባካችሁ ሲሚንቶ አታስነኩት! ሲሚንቶ እርጥበት አያስተነፍስም፤ ውኃው ውስጥ ታፍኖ ጭቃውን ያላላዋል። ሆዱን የነፋውም ዝናብ ከአናቱ እየገባ መሐል ያለውን ጭቃ ስላጠበው ነው። ወርካውን አትንቀሉ፤ ሥሩ ድንጋዩን ይዞ ይወጣል። ግንዱን ከሥር ቆርጣችሁ ተዉት፣ ሲያቆጠቁጥ ደግማችሁ ቁረጡ። ያዘመመውን ግድግዳ በባሕር ዛፍ ቋሚ ደግፉ፤ በቋሚውና በድንጋዩ መሐል ሰፊ ጣውላ ይግባ፣ አለዚያ አንድ ነጥብ ላይ ገፍቶ ይደረምሰዋል። ከዚያ አናቱን በ1 እጅ ኖራና በ3 እጅ አሸዋ ወደ ውጭ አዘቅዝቃችሁ ክደኑት፤ ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ እርጥብ ጆንያ አልብሱት። መሠረቱ አጠገብ ቁፋሮ አይሞከርም።

ሰነድ ያዥ፦ ከዚህ ሁሉ በፊት ፈቃድ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥገና ያለ ፈቃድ አይሠራም። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ። ከማመልከቻው ጋር የወለል ንድፍና የየግድግዳው ፎቶ ይያያዝ፤ ፎቶው ውስጥ መለኪያ ሜትር ይታይ። ማን ሠራው፣ ምን ይሸጥበት ነበር የሚለውን ሽማግሌዎችን ለየብቻ ጠይቃችሁ መዝግቡ፤ አብረው ሲቀመጡ አንዱ የሌላውን ይደግማል።

የመንገድ ዳር፦ እግዜር ይስጥልን። ወለሉ ላይ የወደቀው ቆርቆሮና ድንጋይስ ይጠረግ?

ሰነድ ያዥ፦ አይጠረግ። ድንጋዩ የወደቀበት ቦታ የየትኛው ግድግዳ እንደሆነ ይናገራል። ቆርቆሮውን ግን ንፋስ እንዳይወስደው ባለበት ድንጋይ ጫኑበት።