ክርክር፦ ጀማሪ ተዋናይ ሳይሠለጥን መድረክ ይውጣ?

የጅሬኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ የወጣቶች አዳራሻችን ጉዳይ ነው። አዳራሹ ለትያትር ክበባችን የሚሰጠው በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ ነው። እስካሁን ሁለቱም የሚያልቁት ለሕዝብ የሚታይ ድራማ በማዘጋጀት ነው። አሁን አንድ ሐሳብ ቀርቧል። አንዱ ማታ ለሥልጠና ይሁን፤ ማንም ጀማሪ መሠረታዊ ትወና ሁለት ወር ሳይማር መድረክ አይውጣ የሚል። እኔ እደግፋለሁ።

ባለፈው ክረምት ድራማ እያሳየን ዝናብ ጣለ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ትንሽ ቆይቶ መብራት ሄደ፣ ማይኩም አብሮ ጠፋ። በስልክ መብራት ቀጠልን። ዋናዋን ገጸ ባህሪ የምትጫወተው የ16 ዓመት ልጅ ናት። ቃለ ተውኔቱን አንድ ቃል ሳትስት ይዛዋለች። ዝናቡን ልትበልጠው ጮኸች። የጮኸችው በጉሮሮዋ ነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ድምጿ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ከኋላ የተቀመጡት እናቶች አንድ በአንድ መነሳት ጀመሩ። ከመጋረጃው ጀርባ አንገቷን በሁለት እጇ ይዛ ስታለቅስ አገኘኋት። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ሳናስተምራት ያወጣናት እኛ ነን።

ሂርማታ፦
እህቴ፣ የልጅቷ ነገር ያሳዝናል። ክልከላውን ግን አልቀበልም። ሁለት ወር ሙሉ «ትንፋሽ ሳብ፣ ትንፋሽ ልቀቅ» ብትይው ግማሹ ልጅ ይቀራል። እኔ ትያትር የወደድኩት መድረክ ስለተሰጠኝ ነው። 9ኛ ክፍል እያለሁ በጸረ ኤድስ ክበብ ድራማ የሰካራም አባት ሆኜ ሠራሁ። ቦታው መድረክ እንኳን አልነበረም፤ ሰንደቅ ዓላማው ሥር፣ ጠዋት በሰልፍ ሰዓት። ተማሪው መሳቅ ባለበት ቦታ ሲስቅ፣ ዝም ማለት ባለበት ቦታ ዝም ሲል፣ በዚያች 15 ደቂቃ የተማርኩትን የትም ክፍል አላገኘሁትም።

ደግሞ ታሪኩን እዩት። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም የትወና ትምህርት ቤት የት ነበር? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትያትር ትምህርት ክፍል የከፈተው ከዚያ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በመሀል መድረኩን የያዙት ሰዎች ሠርተው የተማሩ ናቸው።

የድሮ ኪነት፦
ልጄ ሂርማታ፣ ያልከውን አከብራለሁ። «ሳይማሩ ሠሩ» ሲባል ግን ቅር ይለኛል። እኔ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበርኩ። የምስክር ወረቀት አልነበረንም እንጂ ተምረናል። ከሥራ መልስ በየቀኑ ልምምድ ነበር። አሠልጣኛችን አዳራሹ መጨረሻ ድረስ ሄዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቆማል። እኛ መድረኩ ላይ ሆነን ቃላችንን እንናገራለን። ያልተሰማው ቃል ካለ እጁን ያነሳል። ዞር ብሎ አያይም፣ አይናገርም። እጁ እስኪወርድ ያንኑ ዓረፍተ ነገር እንደጋግማለን። መጮህ ክልክል ነው፤ ከጮህክም እጁ አይወርድም። የመጀመሪያውን ወር እጁ እላይ እንዳለ ነው ያሳለፍነው።

ሠርቶ መማር ማለት ይህ ነው። የሚያርም ሰው ሳይኖር ዝም ብሎ መውጣት ሌላ ነገር ነው። በዚያ ላይ ታዋቂውን ተዋናይና አዘጋጅ ተስፋዬ ገሠሠን አስቡት። ተሰጥኦ አንሶት አይደለም አሜሪካ ሄዶ ትያትር የተማረው።

የቆጪ ልጅ፦
ሥልጠናውን አልቃወምም። የኔ ጥያቄ በየትኛው ቋንቋ ነው? ክበባችን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሠራል፤ እንዲያውም የሚበዛው ተመልካች ቤቱ የሚያወራው አፋን ኦሮሞ ነው። የድምፅ ሥልጠና ከቋንቋ አይለይም። በአፋን ኦሮሞ አናባቢ ሲረዝም ትርጉም ይለወጣል። «ለፈ» መሬት ነው፤ አስረዝመህ «ላፋ» ካልከው ለስላሳ ወይም ደካማ ማለት ይሆናል። ተዋናዩ ደንግጦ ከፈጠነ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ርዝመት ነው።

በአማርኛ ደግሞ ማጥበቅና ማላላት አለ። «ልጁ ይመታል» የሚል መስመር ስጡት። «መ»ን ካላላው መቺው ልጁ ነው፤ ካጠበቀው ተመቺው እሱ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው የሚጻፈው። ብዙ ልጆች ሸምድደው ይመጣሉ እንጂ ምን እየተናገሩ እንደሆነ አያውቁም። ስለዚህ ቁጭ ብሎ አብሮ ማንበብ ከሁሉም ይቅደም፣ በሁለቱም ቋንቋ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጌራርሳ፣ ማለትም የኦሮሞን የጀግንነት ዜማ፣ የሚሉ ሽማግሌዎች ሠርግ ላይ ያለ ማይክ ያን ሁሉ ሰው ጸጥ ያሰኛሉ። እነሱን ማን አሠለጠናቸው?

የጅሬኗ፦
ወንድሜ፣ እነሱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ታላላቆቻቸው እግር ሥር ተቀምጠው ሰምተዋል። የእኛ ልጆች ያንን ዕድል አላገኙም። ሁለት ወር የምለው ለዚህ ነው። የቋንቋውን ነገር ግን በደንብ አላሰብኩበትም ነበር፣ ልክ ነህ።

እናት ከመንደራ፦
ልጆቼ፣ እኔ ትያትር አላውቅም። ልጄ ግን እናንተ ዘንድ ትመጣለች፣ ስለዚህ ልናገር። ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ልምምድ ጨርሳ ብቻዋን ስትመጣ በር ላይ ቆሜ ነው የምጠብቃት። ዝናብ ከሆነ ባጃጅም አይገኝም። ሁለተኛ፣ ባለፈው አንድ ልጅ ትንፋሽ አሳያለሁ ብሎ የልጃገረዶቹን ሆድ በእጁ ሊይዝ ነበር አሉ። በክፋት አይደለም ይሆናል። ግን እንዲህ ከሆነ እኔ ብቻ ሳልሆን የሰፈሩ እናት ሁሉ ልጇን ታስቀራለች። ክፍያም ካለበት ከአሁኑ ንገሩን።

የጅሬኗ፦
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ማንም አላነሳውም ነበር። ክፍያ የለም። የትንፋሹን ልምምድ ሌላ ሰው መንካት አያስፈልገውም። እያንዳንዱ ምንጣፍ ላይ በጀርባው ይተኛል። የራሱን ደብተር ሆዱ ላይ ያደርጋል። ትንፋሽ ሲስብ ደብተሩ ከፍ ካለ ጥሩ ነው፤ ትከሻው ወደ ጆሮው ከወጣ ትንፋሹ ደረቱ ላይ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። ከዚያ «ስስስ» እያለ አየሩን በዝግታ ይለቃል። መጀመሪያ 10 ይቆጥራል፣ በሳምንቱ 15፣ ከዚያ 20። ቆሞ መናገር ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ስለ ዝናቡም ብዙ አሰብኩ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ በጩኸት አይሸነፍም። ኃይለኛው ዶፍ እስኪያልፍ መቆም ይቻላል፤ ገጸ ባህሪዋ ወደ መስኮቱ ሄዳ ዝናቡን ትመልከተው፣ ተመልካቹም ይጠብቃል። ስትቀጥል ቀስ ብላ የቃሉን መጨረሻ ሳትውጥ ትናገር። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» ጥርት ብለው ከወጡ የኋላው ሰው ቃሉን ይይዘዋል። ድምፅ ከደከመ ደግሞ ሹክሹክታ አያሳርፈውም፤ ውሃ ጠጥቶ ዝም ማለት ነው። ይህን ሁሉ ያቺ ልጅ በአንድ ወር ትማረው ነበር።

ሰዓቱን ወደ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እናዙረው። ጨርሰው ከመግሪብ በፊት ቤታቸው ይደርሳሉ።

ሂርማታ፦
ቅዳሜው ጥሩ ነው። ክልከላው ላይ ግን እንደቆምኩ ነኝ። የተመልካች ዓይን ሳያርፍበት ሁለት ወር የሠለጠነ ልጅ መድረክ ላይ ሲወጣ ያው ይደነግጣል። እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል፣ ለተመልካቹ ጀርባውን ይሰጣል። በየሁለት ሳምንቱ ለወላጆችና ለጎረቤት አምስት አምስት ደቂቃ ያሳዩ። መግቢያ በነጻ፣ ያለ ማይክ። ይህ ከገባ ሥልጠናውን እደግፋለሁ። ካልገባ ተቃውሞዬ ይመዝገብ።

የድሮ ኪነት፦
ይህ ይግባ። ተዋናይ ያለ ተመልካች አይበስልም፣ ሂርማታ እውነቱን ነው። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ከኋላ ወንበር አስቀምጡልኝ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እቀመጣለሁ።

የቆጪ ልጅ፦
ጋሼ፣ በአፋን ኦሮሞ ሲሆን እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ። የጅሬኗ፣ ያቺ ልጅ ግን ትመለሳለች?

የጅሬኗ፦
ትናንት ቤቷ ሄጄ ጠየቅኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ አዳራሹ ኮርኒስ ተሠራለት ወይ ብላ ነው። አልተሠራም አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ደብተሩ ትልቁ ነው ትንሹ ብላ ጠየቀችኝ።