በስቶንዌር ሳህን ፍሩት ክሪስፕ፦ በጅማ ፍራፍሬ እንዴት ልሥራው?

ጥያቄ (ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የጅማ ባለሙያዎች። ውጭ ያለችው እህቴ ከበድ ያለ የስቶንዌር (በከፍተኛ ሙቀት የተተኮሰ ሸክላ) መጋገሪያ ሳህን ልካልኛለች። ሁለት ሊትር ያህል ይይዛል። ፍሩት ክሪስፕ ልሠራበት አስቤያለሁ። ከታች የተከተፈ ፍራፍሬ፣ ከላይ ዱቄት፣ አጃ፣ ስኳርና ቅቤ ተፈርፍሮ የሚጋገረውን ማለቴ ነው። ያገኘሁት አሠራር ሁሉ በፖም ነው። እዚህ ፖም ውድ ነው፤ ማንጎ፣ አናናስና ሙዝ ግን እንደ ልብ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ለቡና የምጠራቸው ሰዎች አሉ። በነዚህ ይሆናል ወይ? ላዩ ሳይርስ ኩርሽም እንዲልስ ምን ላድርግ? ሳህኑ እንዳይሰነጠቅም ሰግቻለሁ። ኦቨኔ ትንሽዬ የኤሌክትሪክ ናት።

ከቦሳ ኪቶ

እህቴ፣ በደንብ ይሆናል! እንዲያውም ማንጎና አናናስ ሲጣመሩ ከፖሙ ይልቅ እኔን ይጥሙኛል። ዋናው ነገር ውሃቸው ነው። ፖም ሲጋገር ቅርጹን ይዞ ይቆያል፤ አናናስ ግን ጭማቂውን ይለቃል። ያ ጭማቂ ወደ ላይ እየፈላ ሲመጣ ነው የላዩን ፍርፍር የሚያርሰው።

ስለዚህ መጀመሪያ አናናሱን ከትፈሽ ሁለት ማንኪያ ስኳር ነስንሺበትና ግማሽ ሰዓት በወንፊት ላይ ተይው። የወረደውን ጭማቂ አትድፊው፣ ይጠጣል። ማንጎው የበሰለ ግን ጠንከር ያለ ይሁን። ሲነኩት የሚፈርጠውን ለጁስ አስቀምጪው።

መጠኑ ለሳህንሽ ተልጦና ተከትፎ አንድ ኪሎ ፍራፍሬ ይበቃል። እኔ ግማሹን ማንጎ፣ ግማሹን አናናስ አደርጋለሁ። አንድ ሙዝም ቆራርጬ እጨምራለሁ፤ ሙዙ ሲሟሟ ጭማቂውን ያወፍረዋል። ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኮርንስታርች ከሩብ ኩባያ ስኳር ጋር በደረቁ ቀላቅለሽ ከፍራፍሬው ጋር ታሺዋለሽ። ኮርንስታርች ካጣሽ ቡላ አለልሽ። የደረቀና የተነፋ ቡላ በዚሁ መጠን ይሠራል፤ ጣዕሙም አይሸትም።

ከጂሬን

ልጄ፣ ስለ ላዩ እኔ ልንገርሽ። ቅቤው ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ቀልጦ ከገባ ፍርፍር ሳይሆን ሊጥ ነው የሚሆንብሽ። 120 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 90 ግራም አጃ፣ 100 ግራም ስኳርና ቁንጥር ጨው ቀላቅይ። 100 ግራም ለጋ ቅቤ ቆራርጠሽ ጨምሪና በጣትሽ ጫፍ እሺው። በመዳፍሽ አትጫኚው፣ ይሞቅና ይቀልጣል። ሽምብራ የሚያህል ጓል ጓል ሲል ተይው። ፍራፍሬውን እስክታሰናጂ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ።

ለጋው ቅቤ ውሃና አሬራ እንዳይኖረው በደንብ ጭመቂው። የወጥ ንጥር ቅቤ ግን አታስገቢ፤ ኮሰረቱ ከማንጎ ጋር አይሄድም። ኮረሪማ ከወደድሽ ለብቻው ተፈልፍሎ የተወቀጠ ሩብ የሻይ ማንኪያ ከፍራፍሬው ጋር ይግባ። በአገራችን ኮረሪማ የሚሠራ ጣፋጭ ሌላ ነው! ቀረፋም ጥሩ ነው፤ ቅርንፉድ ግን ሁሉን ስለሚውጥ ይቅር።

ጥያቄ አቅራቢዋ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በስኳሩ ፈንታ የጌራ ማር ባደርግስ? ቤት ውስጥ አለኝ። አጃውም እኔ ጋ ያለው ተፈጭቶ ለሾርባ የሚሆነው ነው።

ከጂሬን

ማሩን ከታች ለፍራፍሬው አድርጊው፣ ግሩም ነው። ከላይ ግን ስኳር ይሻላል። ማር እርጥበት ይስባል፤ ቶሎም ይጠቁራል። ኩርሽም የሚያደርገው ስኳሩ ነው። የተፈጨው አጃ ብቻውን ጓል አይሠራም። ግማሹን እሱን አድርጊና በቀረው ፈንታ በሙቀጫ ገርደፍ ተደርጎ የተከካ የተቆላ ለውዝ ጨምሪ።

ከአጋሮ

ወደ ሳህኑ እንምጣ፤ እኔ ሸክላ ነገር እወዳለሁ። ስቶንዌር 1,200 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ሙቀት ስለሚተኮስ ጭቃው እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። የእኛ የወጥ ሸክላ ድስት የሚተኮሰው ሜዳ ላይ በእንጨት እሳት ነው፤ ሙቀቱም ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፣ ቅቤና ሽታ ይመጥጣል። ወጥ የተሠራበት ድስት ላይ ጣፋጭ አትሞክሩ።

ስቶንዌር ግን ጠንካራ ይሁን እንጂ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ አይችልም። አንዱ ጎኑ ቶሎ ሲሞቅ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ሆኖ ሲቀር ይሰነጠቃል። ከፍሪጅ አውጥቶ ወዲያው የጋለ ኦቨን ውስጥ መክተት፣ ከኦቨን አውጥቶ እርጥብ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ፣ ትኩስ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ፣ እነዚህ ናቸው ገዳዮቹ። ከሰል ላይም ሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ በቀጥታ አይጣድም።

ለመሆኑ ውስጡ ያብለጨልጫል ወይስ ደረቅ ነው? ደረቅ ከሆነ በሳሙና አይታጠብም፤ ሳሙናውን ይመጥጠዋል። ለብ ባለ ውሃና በጨርቅ ብቻ ይጸዳል።

ጥያቄ አቅራቢዋ

ውስጡ ያብለጨልጫል፣ ከሥሩ ብቻ ነው ደረቅ። ታዲያ ኦቨኑን አስቀድሜ ላሙቅ ወይስ ከነሳህኑ ልለኩሰው?

ከመርካቶ ሰፈር

እኔ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ኦቨን ውስጥ ነው የማስገባው። ለሳህኑ የሚሻለው እሱ ነው።

ከቦሳ ኪቶ

ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። ኦቨኑ ቀስ ብሎ ሲሞቅ ቅቤው ዱቄቱ ሳይበስል ቀልጦ ወደ ታች ይወርዳል። ኦቨኑ 190 ዲግሪ ይሙቅ፤ ሳህኑ ግን ከፍሪጅ የወጣ አይሁን። የቤት ሙቀት ያለው ሳህን፣ የቤት ሙቀት ያለው ፍራፍሬ ሞልቶበት ሲገባ ችግር የለውም። ባዶውን ማጋል ነው የማይሆነው። ቀዝቃዛው የላዩ ፍርፍር ብቻ ይሁን፤ እሱም ሳህኑን አይነካውም።

ከአጋሮ

ትክክል ነሽ፤ እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው። በትንሽ ኦቨን ግን የላዩ ሽቦ ቅርብ ስለሆነ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አድርጊው። ስቶንዌር ከብረት ትሪ ዘግይቶ ይሞቃል። በትሪ 35 ደቂቃ የሚፈጀው በሱ 45 እና 50 ሊደርስ ይችላል። ቀድሞ ከጠቆረ አልሙኒየም ፎይል ጣል አድርጊበት፤ ግጥም አታድርጊው፣ እንፋሎቱ ይውጣ።

መድረሱን በላዩ ቀለም ብቻ አትለኪው። ጭማቂው በመሀልም በዳርም ወፈር ብሎ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ነው የደረሰው። ስታርቹ ሳይፈላ በደንብ አይወፍርም። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ፍራፍሬውም ለመብሰል ትንሽ ይዘገያል። ስለዚህ አትቸኩዪ። ከወጣ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ወይም እንጨት ላይ 20 ደቂቃ ይረፍ፤ ጭማቂው ያኔ ነው የሚረጋው።

ከሕርማታ

መሀል ላይ መብራት ቢጠፋስ? የሁላችንም ራስ ምታት ነው። ደግሞ ኦቨን ለሌለን ሰዎችም መላ ስጡን። የጾም የሚሆንስ አለ?

ከጂሬን

መብራት ከጠፋ በሩን አትክፈቱ። ስቶንዌር ሙቀት ስለሚይዝ ፍራፍሬው መብሰሉን ትንሽ ይቀጥላል። ሲመጣ ካቆመበት ይጋገር።

ኦቨን የሌለው ሰው ፍራፍሬውን ከስታርቹና ከስኳሩ ጋር በብረት ድስት ያብስለው። ላዩን ደግሞ በመጥበሻ፣ በለስላሳ እሳት፣ ሳያቋርጥ እያማሰለ ቡናማ እስኪሆን ይቁላው። ሲቀዘቅዝ ኩርሽም ይላል። ሲቀርብ ብቻ ነው ከላይ የሚነሰነሰው። እንግዳ ሊመጣ ሲል ይሄን እመርጣለሁ፣ ፈጽሞ አይርስም።

ለጾም በቅቤው ፈንታ ዘይት ነው። 80 ሚሊ ሊትር ያህል ለኩና በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፤ ጓል መሥራት ሲጀምር አቁሙ። የለውዝ ዘይት ካላችሁ ይመረጣል።

ጥያቄ አቅራቢዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በዝርዝር ነው የመለሳችሁልኝ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ጠዋት ሠርቼ ከሰዓት ባቀርበው ይለሰልሳል?

ከቦሳ ኪቶ

ይለሰልሳል። ጠዋት ሁለቱንም አዘጋጅተሽ ለየብቻ አስቀምጪ። ፍራፍሬው ስታርችና ስኳር ሳይነካው በጎድጓዳ ሳህን፣ ፍርፍሩ ፍሪጅ ውስጥ። ቡናው ከመቆላቱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለሽ ፍራፍሬውን ለውሰሽ ኦቨን ውስጥ ክተቺው። ሁለተኛው ጀበና ሲቀዳ ረግቶ፣ ለብ ብሎ ይደርስልሻል። የተረፈውን ከነሳህኑ ፍሪጅ ካስገባሽ በማግስቱ ሳህኑን ወደ ኦቨን አትመልሺው፤ የሚበላውን ያህል ጨልፈሽ በመጥበሻ አሙቂው።