ጥቆማ፦ ለሀዋሳ ደንበኛ የትኛው ሲኤምኤስ (የዌብሳይት ይዘት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር)? መፈተሻውስ?

«ዎርድፕረስ ይሻላል ስትራፒ?» የምትሉኝ በዝታችኋል፤ እዚሁ አንድ ላይ ልመልስ። መጀመሪያ ግን እኔ ልጠይቅ፦ ሥራውን አስረክባችሁ ከወጣችሁ በኋላ ዋጋና ፎቶ የሚቀይረው ማን ነው? ፒያሳ አካባቢ ያለ ፔንሲዮን ከሆነ ሪሴፕሽን ላይ የተቀመጠችው ልጅ ናት፤ ያውም በስልኳ፣ እንግዳ እያስተናገደች።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ዎርድፕረስ ነው፤ ክርክር አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ስላለ ለገጠማችሁ ችግር መልስ አይጠፋም፤ እናንተ ሥራ ብትቀይሩ እንኳ የሚረከብ ባለሙያ ከተማው ውስጥ ይገኛል። በ2018 የመጣውን የብሎክ ኤዲተር ብዙዎቻችን አማረርነው እንጂ ኮድ የማያውቅ ሰው ቶሎ ይለምደዋል። አደራ፣ ለዕለት ሥራው «ኤዲተር» የሚለውን ፈቃድ ስጡ። አድሚን፣ ማለትም ሙሉ ፈቃድ፣ የተሰጠው ሠራተኛ ውሎ አድሮ ያየውን ፕለጊን (ሳይቱ ላይ ተጨማሪ ሥራ የሚጨምር ቅጥያ) ሁሉ ሲጭን ታገኙታላችሁ።

ስትራፒ የሚያዋጣው አንዱ ይዘት ለዌብሳይትም ለሞባይል አፕም ሲፈለግ ነው፤ ቡና ላኪ ድርጅት ሁለቱንም ካለ ለምሳሌ። ግን ሰው የሚያየውን ገጽ ለብቻ መሥራት አለባችሁ፣ ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያሠራውን) የሚያስኬድ ሰርቨርም ይፈልጋል፤ ርካሹ ሆስቲንግ ደግሞ በአብዛኛው ዎርድፕረስ ለተጻፈበት ቋንቋ ለፒኤችፒ የተዘጋጀ ነው። ለፔንሲዮን ይህን ማቅረብ ሰውን ማስቸገር ነው። ጁምላ የተባለው ሲኤምኤስስ? የቆየ ሳይት ለማደስ ካልሆነ አልነካውም።

የመሥሪያ ቤት ሥራ ከሆነ ድሩፓል የተባለውን ሲኤምኤስ አትናቁት። እዚህ ሀዋሳ ላይ አማርኛ፣ በላቲን ፊደል የሚጻፈው ሲዳሙ አፎና እንግሊዝኛ አንድ ሳይት ላይ ሊጠየቁ ይችላሉ። ድሩፓል ከ8ኛው ስሪት፣ ማለትም ከ2015 ወዲህ፣ የብዙ ቋንቋን ነገር ከራሱ ጋር ይዞ ነው የሚመጣው። ዎርድፕረስ ላይ በፕለጊን ነው፤ ፖሊላንግ በነፃ ይገኛል፣ ደብሊውፒኤምኤል ግን በውጭ ምንዛሪ ይከፈልበታል። የዶላር ካርድ ከየት ይመጣል? ፖሊላንግ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። የድሩፓል 7 ድጋፍ ደግሞ በ2025 መጀመሪያ አብቅቷል፤ «ይቺን ትንሽ ነካ ነካ አድርጉልን» ብሎ የድሩፓል 7 ሳይት ይዞ የሚመጣ ካለ እንደ አዲስ ሥራ ዋጋ ንገሩት።

ዎርድፕረስ ላይ ማንም የማይነግራችሁ የፐርማሊንክ (የገጹ ቋሚ አድራሻ) ጣጣ አለ። ርእሱን በአማርኛ ስትጽፉ አድራሻውም በአማርኛ ይሆናል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት ኮምፒውተር ውስጥ በሚከማቹበት አሠራር) 3 ባይት ነው፤ አድራሻ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክት ስለሚጻፍ አንዷ ፊደል 9 ቦታ ትወስዳለች። የተፈቀደው ጣሪያ 200 ነው። እንግዲህ «በሀዋሳ ሐይቅ ዳር የሚገኙ ምርጥ የሠርግ አዳራሾች» ብላችሁ ብትጽፉ አድራሻው «የሠርግ-አ» ላይ ሲደርስ ይቆረጣል። ሊንኩን ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት የሚታየው የፐርሰንት ጋጋታ ሌላ ነው። ስለዚህ ፐርማሊንኩን ሁልጊዜ በእጃችሁ፣ በላቲን፣ አጭር አድርጋችሁ ጻፉት፤ ለሪሴፕሽኗ ልጅም ይህንኑ አሳዩአት።

ወደ ፍተሻው፣ ማለትም ብራውዘር ከፍተው ሳይቱን ራሳቸው ወደሚሞክሩት መሣሪያዎች። ሴሌኒየም ከ2004 ጀምሮ አገልግሏል፤ ሥራ ቦታችሁ ላይ ካለ ቀጥሉበት። አዲስ ለሚጀምር ግን ማይክሮሶፍት በ2020 ያወጣውን ፕሌይራይትን እጠቁማለሁ። ትልቁ ምክንያቴ ዌብኪት (የሳፋሪ ብራውዘር ሞተር) ነው፤ ማክም አይፎንም ለሌለን ሰዎች ሳይቱ ሳፋሪ ላይ ምን ሊመስል እንደሚችል ቢያንስ ፍንጭ ይሰጣል። ገጹ እስኪዘጋጅ ራሱ ስለሚጠብቅ ኔትወርክ በደከመ ቁጥር ፈተናው በከንቱ አይወድቅም። ሲጫን ብራውዘሮቹን ለማውረድ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላል፤ በስልክ ዳታ የምትሠሩ ከሆነ ማስተካከያው ላይ ቻናሉን «ክሮም» በሉት፣ ላፕቶፓችሁ ላይ ባለው ክሮም ይሠራል። ዌብኪቱን ዋይፋይ ያለበት ስትደርሱ ታወርዳላችሁ።

ሲፕረስ የተባለው መፈተሻ ለጀማሪ ደስ ይላል፤ እያንዳንዱን እርምጃ መስኮቱ ላይ እያየህ ነው የምትሄደው። ክፍያ ላይ ግን ያስቸግራል። ደንበኛው ከሳይታችሁ ወጥቶ ወደ ቻፓ (የኦንላይን ክፍያ አገልግሎት) ገጽ ሲሄድ ዶሜይን ስለሚቀየር ተጨማሪ ኮድ ይጠይቃል፤ ሁለተኛ ታብ ከተከፈተማ ጭራሽ አይከተልም። ፕሌይራይት ሁለቱንም ያልፋል። ቻፓ የሙከራ ቁልፍ ስለሚሰጥ እውነተኛ ብር ሳታንቀሳቅሱ ከቦታ ማስያዝ እስከ ደረሰኝ መሞከር ትችላላችሁ።

ምን ይፈተሽ ካላችሁ፣ ከሁሉ በፊት የፍለጋ ሳጥኑ። «ሐይቅ» ብላችሁ የጻፋችሁትን ጎብኚው «ሀይቅ» ብሎ ቢፈልግ ዎርድፕረስ ምንም አያመጣለትም፤ ለእሱ ሐ እና ሀ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። የተከማቸውንም የተፈለገውንም ወደ አንድ ፊደል የሚመልስ አጭር ፈንክሽን ጻፉና ፈተና አድርጉለት። ቀጥሎ ሰዓት፦ የቦታ ማስያዣ ፕለጊኑ «2:00 ፒኤም» የሚለውን የኛ እንግዳ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው የሚለው፤ ሁለቱንም አሳዩ። ጳጉሜንም የቦታ ማስያዣ ካላንደሮቹ አያውቋትም።

የገጽ ፍጥነት የሚለካው ላይትሃውስ ክሮም ውስጥ ስላለ በነፃ ነው፣ የሞባይል ሙከራውም ዝግ ያለ 4ጂ አስመስሎ ይለካል። ውጤቱ አረንጓዴ ሆነ ብላችሁ ግን አትዘናጉ፤ ራሟ ያነሰ ቴክኖ ስልክ ተዋሱና ክፈቱት፣ ከዚያ ኦፔራ ሚኒ ላይ ድገሙት። ኦፔራ ሚኒ ዳታ በጣም ሲቆጥብ ጃቫስክሪፕቱን ስለሚገድበው በጃቫስክሪፕት ብቻ የሚከፈት ሜኑ ላይከፈት ይችላል።

ባክአፕ ላይ አፕድራፍትፕላስ የተባለው የዎርድፕረስ ፕለጊን፤ ነፃው ስሪት ጎግል ድራይቭ ላይ ያስቀምጣል። መብራትና ኔት ለሚቆራረጥበት ቀን ሳይቱን ያለ ኢንተርኔት የሚያሠራ ሎካል ወይም ዛምፕ ላፕቶፓችሁ ላይ ይኑር። ዶሜይኑ በ.ኢቲ የሚያልቅ ከሆነ መንገዱ ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ለዶት ኮም በብር መክፈል ከፈለጋችሁ «የጋራ ሆስት» የሚባል የሀገር ውስጥ ድርጅት አለ። የትም ግዙት፣ ምዝገባው በደንበኛው ስምና ኢሜይል ይሁን። ክራክ የተደረገ ቴም (የሳይት ገጽታ) ለጠየቃችሁኝ፦ አልጠቁምም፤ ውስጡ ምን ተቀብሮ እንደመጣ አይታወቅም።