ምዕራብ የዞረ የብሎኬት ግድግዳ ላይ ሐረግ ማልበስ የኤሲ ወጪ ይቀንሳል?

ባለ ፔንሲዮኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ቀበሌ 14 ትንሽ ፔንሲዮን አለኝ። የላይኞቹ ክፍሎች ወደ ምዕራብ የዞሩ ናቸው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ አያስተኛም፤ ከቀኑ ይልቅ የሚብሰው ማታ ነው። ኤሲው ከ10 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት አያርፍም። አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ግድግዳው ሙሉ በትንንሽ የተክል ኪሶች ተሸፍኖ አየሁ። እኔም በውጭ በኩል እንዲህ ባሠራ የመብራት ወጪዬ ይቀንሳል ወይስ ጌጥ ብቻ ነው? ግድግዳው ባለ 20 ብሎኬት ነው። ቀለሙ ጠቆር ያለ ግራጫ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቺፑድ።

ፎርማን፦
እህቴ፣ ይቀንሳል። ግን ያየሽው ዓይነት አይሁን። የኪስ ተክል አፈሩ እፍኝ ነው፤ ፓምፕ፣ ማዳበሪያና የየቀን ውሃ ይፈልጋል። በሚያዝያ ውሃና መብራት ተከታትለው ከጠፉ ይደርቅብሻል። መሬት ላይ የተተከለ ሐረግ ግን ሥሩን ሰድዶ ይቋቋማል።

ማታ የሚብሰው ለምን መሰለሽ? ብሎኬት ከ8 ሰዓት ጀምሮ የጠጣውን ፀሐይ ወደ ውስጥ የሚያደርሰው ቆይቶ ነው። ኤሲሽ ማታ የሚታገለው ከቀኑ ፀሐይ ጋር ነው። የጣሪያ ክፈፍ ደግሞ የምዕራብ ፀሐይን አይከላከልም፤ ዝቅ ብላ ነው የምትመጣው። ሐረግ ለግድግዳ ጃንጥላ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ጥላው ነው። ከዚያ በተጨማሪ ቅጠሉ ውሃ ያተናል፤ አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይወስዳል። የእኛ ሙቀት ደረቅ ወቅት ላይ መሆኑ ለዚህ ይመቻል።

በቀጥታ ልስኑ ላይ እንዳታስለጥፊው። ቱቦላሬ አቁመሽ ሽቦ ዘርጊበት፤ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ። አየር ካልገባበት ክረምት ላይ ልስኑ ሳይደርቅ ይከርማል። መስኮት ካለ ሽቦው ከፊቱም ይለፍ፤ መስታወት ከብሎኬት ይብሳል። የኤሲው የውጭ ማሽን ፊት ግን ክፍት ይሁን። ሙቀቱን የሚያስወጣበት ካጣ መብራት ይበላል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ኤሲው ሳይከፈት፣ መዳፍሽን ከውስጥ በኩል ግድግዳው ላይ፣ ከዚያ ኮርኒሱ ላይ አሳርፊ። የቱ ይሞቃል?

የሽምብጥ ልጅ፦
እኛ ቤት ቡገንቪሊያ ነው ያለው። አንዴ ከያዘ ድርቅ አይፈራም። እሾሁ ግን ከባድ ነው፤ እንግዳ የሚያልፍበት ላይ አትትከይ። በየጊዜው ካልተገረዘ ቆርቆሮ ስር ይገባል። ቅል ቶሎ ያለብሳል ብለው የሚመክሩሽን አትስሚ። በክረምት አድጎ በበጋ ይደርቃል፤ ሙቀቱ ሲመጣ ባዶ ሽቦ ይቀርሻል።

ፎርማን፦
ትክክል። ብርድ ያለባቸው አገሮች ቅጠሉን የሚያራግፍ ሐረግ ይመርጣሉ፤ በብርዱ ወራት ፀሐይ ግድግዳውን እንድታሞቅላቸው። ለእኛ የሚሆነው መጋቢት ላይ ቅጠሉ ያለ ነው።

ባለ ፔንሲዮኗ፦
ሞከርኩት። ሁለቱም ይሞቃሉ፣ ኮርኒሱ ግን በጣም ይብሳል። ደግሞ እናቴ እባብና ትንኝ ታመጫለሽ ብላ ተቆጥታለች።

ፎርማን፦
እንግዲያው ገንዘቡን መጀመሪያ ጣሪያው ላይ አውይ። እዚህ ፀሐይ ሚያዝያ አጋማሽ አካባቢ በቀትር ልክ አናት ላይ ነች፤ ቆርቆሮው ሙሉውን ይቀበላል። ኮርኒሱ ላይ የመስታወት ሱፍ ወይም ሌላ ሙቀት የሚከላከል ነገር አንጥፊ፤ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር መውጫ ክፈቺ፤ መውጫውን በወንፊት ሸፍኚ፣ የሌሊት ወፍ ይገባል። ግድግዳውንም አሁኑኑ ነጭ ቀቢው። ሐረጉ እስኪያድግ ጊዜ ይወስዳል፣ ቀለሙ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይጠቅምሻል።

ለእናትሽ እንዲህ በያቸው። የወባ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው የቆመ ውሃ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከተክሉ ስር ውሃ የሚያቁር ሳህንም ጎድጓዳም አይኑር። ቅጠል ውስጥ ማረፏ ስለማይቀር መስኮቱ ላይ ወንፊት ይግባ። ለእባቡ፣ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ያለውን ቅጠል ገርዛችሁ ግንዱን ብቻ ተዉት፤ ስሩም ይጠረግ።

ተከላው ሰኔ ላይ ይሁን፣ ዝናቡ ያሳድግልሻል። ከሴፕቲክ ታንከሩና ከውሃ ቧንቧው አርቀሽ ትከይ።