ልጄ የታመመችው በቅጣት ይመስላታል፤ ምን ብዬ ላስረዳት?

እባካችሁ እርዱኝ። የ5 ዓመት ልጄ ምግብ ስትተው «ካልበላሽ አታድጊም፣ ትታመሚያለሽ» እላት ነበር። በቀደም ጉንፋን ያዛት። አልጋዋ ላይ ሆና «እራቴን ስለተውኩ ነው አይደል?» ብላ አለቀሰች። አንጀቴ ተላወሰ። ጉንፋን በቫይረስ እንደሚመጣ ነገርኳት፤ አላመነችኝም። በዚህ ዕድሜ ሕመምን እንደ ቅጣት ማየት የተለመደ ነው። የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤም ልጆች ጥፋት በራሱ ቅጣት የሚያመጣ እንደሚመስላቸው በ1932 እ.ኤ.አ. ጽፏል። የኔ ጭንቀት ግን ፍርሃቷ ነው። አሁን ሳህኗን ጨርሳ ወዲያው ቁመቷን ልትለካ ግድግዳው ጋ ትቆማለች! ጥሩ ምግብ ሰውነት በሽታን እንዲቋቋም ይረዳል፤ በደንብ የበላ ልጅም ግን ይታመማል። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ እንዴት ላስረዳት? ማስፈራራቱን ትቻለሁ። ለልጆቻችሁ የነገራችሁበት ቀላል አባባል ካለ አካፍሉኝ።